ላስቲኩ ያልተላጠ ሥዕል

ቁጭ በሉና ይቺን ስሙኝ። ሥራ አለብን የምትሉ ቆማችሁም ስሙ፣ እኔ ግድ የለኝም፤ ብቻ መሀል ላይ አታቋርጡኝ። የማወራችሁ ስለ አንድ ሥዕል ነው። ሥዕል ስል ደግሞ ሰው፣ ፈረስ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ምናምን እንዳይመስላችሁ። መስመር ነው። ቀይ መስመር፣ ብርቱካንማ መስመር፣ ቀጭን ጥቁር፣ ወፈር ያለ ሰማያዊ፣ እንደገና ቀይ። አለቀ። አክሪሊክ በሚሉት ጠንካራ ፕላስቲክ ላይ የታተመ፣ ሲነኩት እንደ መስታወት የሚቀዘቅዝ። በገዛ ብሬ ገዝቼ፣ በገዛ እጄ ግድግዳ በስቼ እናቴ ቤት ሰቀልኩት። ከዚያ ከዓመት በላይ ቀለሙን ሳናየው ኖርን። ለምን በሉኛ! እናቴ የተሸፈነበትን ላስቲክ አታስነካማ። ለአዲሱ ቤት ነዋ!

የቱ አዲሱ ቤት? እሱን ነው የምነግራችሁ።

እኔ እንጀራዬን የምበላው የሰው ግድግዳ በመብሳት ነው። ቲቪ እሰቅላለሁ፣ የመጋረጃ ብረት እገጥማለሁ፣ መደርደሪያ፣ መስታወት፣ ሰዓት፣ ያመጣችሁትን። ኮሌጅ ጀምሬ ትቼዋለሁ፤ ለምን ተውክ የሚለኝ ሰው አይጥመኝም፣ ስለዚህ አትጠይቁኝ። ድሪል አለኝ፣ ውሃ ልክ አለኝ፣ ፒያሳ ላይ ስልኬን የማይዝ የመጋረጃ ሱቅ የለም። ጠማማ ሰቅሎ ሄደ የሚለኝ ሰው ካለ ይምጣና ፊቴ ይናገር።

ታዲያ የምሠራው አብዛኛውን ጊዜ አዲስ ቤት ውስጥ ነው። ግድግዳው ባዶ የሚሆነው አዲስ ቤት የገባ ሰው ነዋ። የኮንዶሚኒየም ዕጣ የወጣለት አለ፣ ዕጣ ከወጣለት ላይ የገዛ አለ፣ እንዴት እንዳገኘው እሱና ፈጣሪው ብቻ የሚያውቁት አለ። እኔ አልመረምርም። የሰው ሳሎን መሀል ቆሜ «እዚህ ጋ ይሁን? ትንሽ ከፍ ላርገው?» እላለሁ፣ በስቼ፣ ሰቅዬ፣ ያራገፍኩትን አቧራ ጠርጌ እወጣለሁ። ከዚያ ወደ አፍንጮ በር፣ እናቴ ወዳለችበት የቀበሌ ቤት። እኛ ግድግዳ ጭቃ ነው። ጭቃ ግድግዳ እንዴት እንደሚበሳ ኋላ ትሰማላችሁ።

አንድ ቀን አንዲት የኔ እኩያ የምትሆን ልጅ ጠራችኝ። አራተኛ ፎቅ፣ የቀለሙ ሽታ ገና ያልወጣ ቤት። ለቲቪ መስሎኝ ነበር። «እሱን ነው» ብላ ግድግዳ የተደገፈ ሰፊ ነገር አሳየችኝ። ነጣ ያለ፣ ወተት የፈሰሰበት የመሰለ፣ ውስጡ ደብዘዝ ያለ መስመር የሚታይበት።

«ምንድን ነው?» አልኳት።

«ሥዕል ነው። ቆይ ላስቲኩን ልላጠው።»

ጥጉን በጥፍሯ ጫር ጫር አረገችና ይዛ አንዴ ሳበችው። ጭርርርርርር! ያ ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ላስቲኩ ተጠቅልሎ ወደቀ፣ ቀለሙ ወጣ። እኔ እንግዲህ ፒያሳ ነው ያደግኩት፣ ቀለም አይቼ አላውቅም ማለት አልችልም፣ ግን እንደዛ ዓይነት አረንጓዴ፣ እንደዛ ዓይነት ቢጫ አላየሁም። ልክ አሁን የተቀባ፣ ብነካው እጄን የሚያቀልም ነው የሚመስለው።

«ምን ማለት ነው ግን?» አልኳት።

«ምንም ማለት አይደለም።»

«እንዴት ምንም?»

«ምንም ነዋ! ደስ አለኝ ገዛሁት። ምን፣ ፈተና ልትፈተን ነው?»

ድሪሌን አነሳሁና በሳሁ። ሙድ የያዘችብኝ መስሎኝ ነበር፤ ታክሲ ውስጥ ስገባ ግን ነገሩ ገባኝ። የኛ ቤት ግድግዳ ላይ ያለው ሁሉ ከሰው አንድ ነገር ይፈልጋል። ማርያም አለች፣ ጸሎት ትፈልጋለች። ካላንደር አለ፣ ወሩ አለቀ ክፈል ይላል። የአባቴ ፎቶ አለ፣ እሱ ከኔ የሚፈልገውን እኔና እሱ እናውቃለን። አጠገቡ ደግሞ አንድ ባዶ ሚስማር አለ። የምርቃት ፎቶዬ ቦታ ነው። በየቤቱ አለ አይደል፣ ጥቁር ጋዎን፣ ቆብ፣ እጅ ላይ የተጠቀለለ ወረቀት፣ ከኋላ የውሸት መጽሐፍ መደርደሪያ? እናቴ ሚስማሩን የመታችው ኮሌጅ የገባሁ ዕለት ነው። ከተውኩ በኋላም አልነቀለችውም። እኔ ቁርስ ስበላ ሚስማሩ ነው የሚያየኝ። መስመር ግን ምን ይለኛል? መስመር ምንም አይለኝም። ያን ቀን ወሰንኩ፣ ሚስማሩ ላይ መስመር ነው የምሰቅለው።

ቸርችል ቁልቁል ስትወርዱ በግራ በኩል፣ ሕንፃ ውስጥ ገባ ያለ ማተሚያ አለ። ባለቤቱ ማስቲካ የሚያላምጥ፣ ሰው ሲያናግር ዓይኑን ከኮምፒውተር የማያነሳ ሰውዬ ነው። የሚፈለገውን ያህል ለፍቼ አጠራቅሜ ሄድኩ።

«ለማን ነው? ለሙሽራ?» አለኝ።

«ለእናቴ ቤት።»

«አሃ! ለእናት ከሆነ ፏፏቴ ነው። ፏፏቴ ልስጥህ።» ፏፏቴ አሳየኝ። «ካልሆነ አንበሳ። ከግልገሉ ጋር። ካልሆነ ደግሞ ለኩሽና የሚሆን ሎሚ አለ፣ ውሃ ውስጥ ሲገባ ጧ የሚል።»

«መስመር ነው የምፈልገው።»

«የምን መስመር?»

«መስመር። ቀለም ቀለሙን። ሌላ ምንም የሌለበት።»

ያኔ ነው ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ያነሳው። ልብሴን አየ፣ የድሪል ቦርሳዬን አየ። «መስመር የሚገዙኝ ሆቴሎችና የአፓርታማ ሰዎች ናቸው» አለኝ።

«እና እኔ ምን ጎደለኝ? ግድግዳ የለኝም?»

ሳቀ። ከሳቀ በኋላ ጥሩ ሰው ሆነ። የመስመር ዓይነት አንድ በአንድ ከፈተልኝ፤ ቀጭኑን፣ ወፍራሙን፣ እጅ የተንቀጠቀጠበት የሚመስለውን፣ በማስመሪያ የተሰመረ የሚመስለውን። እኔ ቀይ የሚበዛበት ላይ ቆምኩ። ቀዩ ጠርዝ ላይ ብሩሹ የሄደበት ይታያል፣ ትንሽ ወጣ ገባ ይላል፤ ሰው እንደሠራው ያስታውቃል። «እሱን» አልኩት። ሲጠቀልልልኝ፣ ማስቲካውን እያላመጠ፣ «ቤት ስትደርስ ላስቲኩን ላጠው» አለኝ። ይቺን ቃሉን ያዙልኝ።

ታክሲ ልገባ ስል ረዳቱ ዕቃውን አየና፣ «እሱም ይከፍላል» አለኝ።

«ሥዕል ነው እኮ፣ ሰው ነው እንዴ?»

«ከሰው ይሰፋል አቦ! ወንበር ይዞ ነው የሚሄደው።»

ተውኩት። ሽቅብ በእግሬ ወጣሁ። ፒያሳን እንደዛ ዓይነት ነገር ተሸክማችሁ ስታቋርጡ ዝም የሚላችሁ የለም። አንዱ ሊስትሮ «መስታወት ነው? ፊቴን አሳየኝ» አለኝ። ሌላው «ላንተ ፊት ይሄ ሁሉ መስታወት ይበዛበታል» አለው። እኔ አንገቴን ቀና አድርጌ ነው የሄድኩት። ደስ ብሎኝ ነበር። እውነቴን ነው፣ የተሸከምኩት የኔ ነበር።

ቤት ደረስኩ። እናቴ ሶፋው ላይ ተቀምጣ ሽንኩርት ትልጣለች። ስለ ሶፋው ልንገራችሁ። ሶፋው ከተገዛ ጀምሮ ላስቲኩ አልተነሳም። በሙቀት ከጭናችሁ ጋር ይጣበቃል፤ እንግዳ ሲነሳ «ጯ» ይላል፣ እንግዳው ያፍራል፣ እኛ ያልሰማን እንመስላለን። አልጋው ሥር ደግሞ ካርቶኑ ያልተከፈተ የሳህን ስብስብ አለ፣ ፌስታሉ ውስጥ ያለ መጋረጃ አለ፣ አንድ ቀን እንኳን ሰዓት ቆጥሮ የማያውቅ የግድግዳ ሰዓት አለ። ይሄ ሁሉ ለአዲሱ ቤት ነው።

እናቴ ለኮንዶሚኒየም የተመዘገበችው እኔ ገና ፊደል ሳልለይ ነው። አሁን ጢሜን እላጫለሁ። ቢሮ ፅዳት ሠርታ ጡረታ የወጣች ሴት ነች፤ ቁጠባውን አንድ ወር አላሳለፈችም። በተቀደደ ጫማ ያሳለፍኩት ክረምት አለ፣ ቁጠባው ግን ገብቷል። አዲሱ ቤት እኛ ጋ እንደ አንድ የቤተሰብ አባል ነው የሚኖረው። ሊመጣ ነው የሚባል፣ ቦታ የሚያዝለት፣ ከሁላችን ቀድሞ ድርሻው የሚነሳለት።

«ምን ይዘህ መጣህ?» አለች።

«ሥዕል ነው እማዬ።»

«የማን?»

«የማንም። መስመር ነው።»

ካርቶኑን ቀድጄ አቆምኩት። ጥጉን በጥፍሬ ጫር ሳደርግ ቢላዋውን ጣለች።

«እጅህን! እጅህን አንሳ!»

«ምን ሆንሽ?»

«ላስቲኩ ምን አደረገህ? ለአዲሱ ቤት ይሁን እንጂ! እዚህ አቧራ ውስጥ ሊበላሽ?»

«እና አልስቀለው?»

«ማን አትስቀል አለህ? ስቀለው። እንዲህ ያለ ዕቃ ገዝተህማ መሬት አይቀመጥም። ላስቲኩን ግን እንዳትነካ፣ ሥላሴን!»

ሥላሴን ካለች አለቀ። በየቀኑ ደጃቸው ቆማ የምትለምነው አንድ ነገር ነው፤ እኔ ደግሞ በነሱ አልጫወትም። «የት ልትሰቅለው ነው?» አለችኝ። ሚስማሩን አሳየኋት። ጠጋ ብላ ሚስማሩን በጣቷ ነካካችው። «ሚስማሩ ይችለዋል?» አለች። «አይችለውም፣ ነቅዬ በብሎን ነው» አልኳት። «እሺ» አለች። ስለ ፎቶው ያወራነው ይሄን ያህል ነው፣ ከዚያ በኋላም አውርተን አናውቅም።

ጭቃ ግድግዳ ላይ ከባድ ነገር ስትሰቅሉ በጣታችሁ እያንኳኳችሁ እንጨቱን መፈለግ ነው። ድፍን ድምፅ ሲሰጥ እንጨት ነው፣ እዚያ ትበሳላችሁ። እኔ ይሄን አውቃለሁ። አንዱን እንጨት አገኘሁ። ሁለተኛውም እንጨት መሰለኝ። ድሪሉ ቅቤ ውስጥ እንደገባ ነገር ሸርተት ብሎ ገባ፣ ከግድግዳው ማዶ ጩኸት ተሰማ።

«ኧረ የሰው ያለህ! ምንድን ነው የሚወጋኝ?»

ጋሼ ናቸው። ጎረቤታችን። ዕድሜ ልካቸውን ፒያሳ ላይ ሱፍ ሲሰፉ የኖሩ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ዓይናቸው ሲደክም የስፌት መኪናዋን ተዉአት፣ ምላሳቸው ግን አልደከመም። ድሪሉ የወጣው አልጋቸው ራስጌ ላይ ነው።

«ጋሼ ይቅርታ! ጫፏ ነች!» አልኩ በግድግዳው።

«ጫፏ? ሌላው አካሏ እየመጣ ነው?»

መጡ። ደረታቸው ላይ ያለውን አቧራ እያራገፉ ሥዕሉ ፊት ቆሙ። አንገታቸውን አዘነበሉ።

«ምንድን ነው ይሄ? ጉም ነው?»

«መስመር ነው ጋሼ። ላስቲኩ ነው ጉም ያስመሰለው።»

«ታዲያ አንሳልኝና ልየው!»

«አይነሳም!» አለች እናቴ ከጓዳ።

ጋሼ እኔን አዩኝ፣ ጓዳውን አዩ፣ ገባቸው። የሳቸውም ቤት አልጋ ሥር ካርቶን አለ፣ አብረው ነው የተመዘገቡት። «ቢሆንም» አሉ ወደ ሥዕሉ ጠጋ ብለው፣ «አዙረው። መስመሩ ወደ ጎን ከሆነ ያወፍራል። ቤታችሁ አጭር ነው፣ ጣሪያው ራሳችሁ ላይ ነው። መስመር ወደ ታች ሲወርድ ነው ሰውን የሚያስረዝመው። ስንት ድንክ ቁመታም አድርጌ ድሬአለሁ መሰለህ!»

«ጋሼ፣ ሥዕል ነው እኮ፣ ሱሪ አይደለም።»

«አንተ አዙረው!»

አዞርኩት። የእግዜር ያለህ፣ ጣሪያው ከፍ አለ! አሁንም አልዋሻችሁም፣ ከፍ አለ። የማተሚያው ሰውዬ በጎን ነው ያሳየኝ፤ እኛ ጋ በቁመት ነው የሚኖረው።

እንግዲህ እንዲህ ሆኖ ተሰቀለ። ላስቲኩን እንደለበሰ። እናቴ ሳምንት ሳይሞላው ከላይ ዳንቴል ጣል አደረገችበት፣ ልክ እንደ ቲቪው። የማኅበር ሰዎች ሲመጡ ሁሉም ማየታቸው አይቀርም። አንዷ «ውይ፣ ትልቁ ቲቪ ተበላሸ እንዴ?» ብላ ጠየቀች። እናቴ ኮራ ብላ፣ «ሥዕል ነው። የውጭ አገር ሥዕል። ላስቲኩ ሲነሳ ነው የምታዩት» አለቻት። «መቼ ነው የሚነሳው?» «አዲሱ ቤት ስንገባ ነዋ!» «አሜን ያድርገው» አሉ ሁሉም፣ ሶፋው «ጯ» እያለ ተነሱ፣ ሄዱ።

እኔ በዚያ ሰሞን የስንት ሰው ሥዕል ላጥኩ! አንዳንዱ ባለቤት ራሱ መላጥ ይወዳል፣ አንዳንዱ «አንተው ላጠው» ይለኛል። ጭርርርር! የሰው ቀይ፣ የሰው ሰማያዊ ፊቴ ላይ ይፈነዳል። ቤቴ ስገባ የራሴ ጉም ይጠብቀኛል። ንዴቴ ላስቲኩ ላይ እንዳይመስላችሁ። እናቴም ላይ አይደለም። የሰው ልጅ ዕቃውን ገዝቶ፣ ሰቅሎ፣ ፊት ለፊቱ ተቀምጦ፣ ነገ ነው የማየው የሚያስብለው ነገር ላይ ነው።

ከዚያ ዕጣ ሊወጣ ነው ተባለ። እናቴ ጠዋት ሥላሴ ሄዳ መጣች፣ ነጠላዋን ሳታወልቅ ቲቪው ፊት ተቀመጠች። ጋሼም መጡ፣ ከጎኗ ተቀመጡ። ስሙ ይወጣል፣ ያልፋል፣ ይወጣል፣ ያልፋል። እናቴ አንብባ አትጨርሰውም፣ እኔ ነኝ ዓይኔን ያፈጠጥኩት። አልቋል ተባለ፣ የእናቴም የጋሼም ስም የለም። ጋሼ፣ «ለኛ ለብቻችን ሊያወጡልን ነው፣ ከሕዝብ ጋር ሊቀላቅሉን አልፈለጉም» አሉ። እናቴ ፈገግ አለች። ተነሳች፣ ሶፋው «ጯ» አለ፣ ጨርቅ አነሳችና የሥዕሉን ላስቲክ ከላይ እስከ ታች ወለወለችው። ቀስ ብላ። ጥጎቹን ሳይቀር። እኔ ወጥቼ ሄድኩ፣ ብቆይ አፌ አያስቀምጠኝም ነበር።

የከሰዓት ፀሐይ በበራችን ገብታ ልክ ሥዕሉ ላይ ነው የምታርፈው። ከዕጣው በኋላ አንድ ከሰዓት ሥራ ስላልነበረኝ ፊቱ ተቀምጬ ሳለ አየሁት። ከታች በኩል ላስቲኩ ቢጫ ሆኗል። ተጠግቼ ጥጉን ጫር አደረግኩት። እንደ ድሮው አልተነሳም። ፍርፍር አለ፣ እንደ ደረቀ ሙጫ ጥፍሬ ውስጥ ገባ። በሩጫ ቸርችልን ወረድኩ።

ማስቲካ የሚያላምጠው ሰውዬ ወዲያው አወቀኝ። «የመስመር ሰውዬ!» አለ።

«ላስቲኩ አልላጥ አለኝ።»

«ዛሬ ነው የምትልጠው? ኧረ ቀልደኛ ነህ! ስትገዛ ነው ላጠው ያልኩህ።»

«ቢቆይ ምን ይሆናል?»

«ፀሐይ ያገኘዋል?»

«ያገኘዋል።»

«ይጋገራል። ከአክሪሊኩ ጋር አንድ ይሆናል። በኋላ በምን ታስለቅቀዋለህ? ያ ላስቲክ ለመንገድ ነው የተሠራው ወንድሜ፣ ሊኖርበት አይደለም። ቢላ እንዳታስነካው፣ ቤንዚን እንዳታስነካው። ለብ ያለ ውሃ በሳሙና፣ የሙጫውን ቅሪት በምግብ ዘይት። ዛሬውኑ። ከዚህ በላይ ከቆየ ወደ እኔ አትምጣ።»

ሽቅብ ስመለስ ለእናቴ የምላትን እየደረደርኩ ነበር። ስደርስ የደረደርኩት ሁሉ ጠፋ።

«እማዬ፣ ላስቲኩ እየተጣበቀ ነው። ዛሬ ካልላጥነው መቼም አይላጥም።»

«ማን አለ?»

«ያተመው ሰውዬ።»

«ሌላ ሊሸጥልህ ፈልጎ ነው።»

«ነይ እይው!» እጇን ይዤ ቢጫውን አስነካኋት። ጣቷን አሸት አሸት አደረገች። ሶፋው ላይ ተመልሳ ተቀመጠች። ጋሼ ድምፃችንን ሰምተው በሩ ላይ ቆመዋል።

«ብንልጠው...» አለች እናቴ፣ «ቤቱ የቀረ አይመስልህም?»

ይቺን ስትል ሥዕሉን አልነበረም የምታየው። አልጋው ሥር ነበር የምታየው። እኔ ስንት ዓመት ሙሉ ስለ ዕቃ የምንጨቃጨቅ ነበር የሚመስለኝ። ለካ እሷ አንድ ላስቲክ በላጠች ቁጥር አንድ ክፍል የሚፈርስባት ነው የሚመስላት።

«እማዬ» አልኳት፣ «ዕጣ የሚያወጡት ሰዎች ላስቲክሽን አይተው አይደለም የሚሰጡሽ። በላስቲክማ ቢሆን ኖሮ ይሄ ሶፋ ብቻውን ቪላ ያሰጥሽ ነበር።»

ጋሼ በሩ ላይ በሳቅ ፍርፍር አሉ። እናቴ ላለመሳቅ ታገለች፣ አልቻለችም። «አፍህ! ይሄ አፍህ አንድ ቀን!» አለች። ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። ከዚያ ተነሳች። «ውሃውን ምን ያህል ላሙቀው?»

«ለብ ያለ ነው ያለኝ። ዘይትም ያስፈልጋል።»

«ዘይት? በዚህ ኑሮ ለግድግዳ ዘይት?»

«ትንሽ ነው እማዬ።»

«ሲገዛ ትንሽ አይደለም!» ግን አመጣችው፣ በቡሽ ክዳን ለክታ።

አውርደን አልጋው ላይ አስተኛነው። ከላይ ያለው ፀሐይ ያላገኘው ነበር፣ አንዴ ስስበው እንደ ሰዉ ቤት ጭርርር ብሎ መጣ። የመሀሉ መቀደድ ጀመረ። በቀጭን በቀጭኑ እየተሰነጠቀ ነው የሚነሳው። ጋሼ እጄን መቱኝ። «ተው! አንተ ስትጎትት ነው የሚቀደደው። ስፌት እንደመፍታት ነው፣ ጥጉን ያዝና ወደ ራስህ ዝቅ አድርገህ ሳብ።» ዓይናቸው በደንብ አያይም፣ ጣታቸው ግን ያያል። እሳቸው ጥግ ይይዛሉ፣ እኔ በስፖንጅ አርሳለሁ፣ እናቴ ከኋላ ከኋላ በዘይት ትጠርጋለች። እያንዳንዷ ቅዳጅ ስትነሳ ከሥሯ ቀለም ትወጣለች። ከሰዓቱ አለቀ። ከታች አንድ እጅ የምታህል ስፍራ ግን እምቢ አለች። በውሃም፣ በዘይትም፣ በጋሼ ጣትም። ተጋግራለች።

መልሼ ሰቀልኩት። እናቴ ወደ በሩ ድረስ ሄዳ ዞረች።

«ይሄ ሁሉ ቀይ ነበር?»

«ነበር።»

«ከመጣ ጀምሮ?»

«ከመጣ ጀምሮ እማዬ።»

ጠጋ ብላ ቀዩ ላይ መዳፏን አሳረፈች፣ ብሩሹ ወጣ ገባ ያለበት ጋ። «እኔ እኮ ሮዝ ነው ብዬ ነበር የማስበው» አለች። ዳንቴሉን አንስታ አጣጠፈችና ኪሷ ከተተችው። ጋሼ፣ «እንዲህ ያለ ጨርቅ አግኝቼ ቢሆን ኖሮ ከተማውን አሳብድበት ነበር» አሉ።

ከዚያ እናቴ ማንንም ሳታማክር ተንበርክካ አልጋ ሥር ገባች። ካርቶኑን ጎትታ አወጣችው። የሳህኑን። ፕላስተሩ ደርቆ በራሱ ነው የተነሳው። ሳህኖቹ መሀል የተደረገው ጋዜጣ ቢጫ ሆኗል። ጠርዛቸው ላይ ወርቃማ መስመር አለ፣ እኔ አላውቅም ነበር። ሦስት ሳህን አጠበች፣ ሽሮውን ቀዳች።

ጋሼ ሳህኑን አገላብጠው አዩ። «እህቴ፣ ዕጣው ወጣልሽ እንዴ?»

«አልወጣልኝም» አለች እናቴ። «ይብሉ።»

በሉ። እኔም በላሁ፣ ቀዩን ፊት ለፊት እያየሁ። ሚስማሩ ትዝም አላለኝ።

እኔ በዚሁ ሞቅ ብሎኝ ሶፋውንም ልላጥ ብዬ ተነሳሁ። እናቴ በጭልፋው እጄን መታችኝ። «ሶፋው ይቆይ!» አለች። «እሱ እንኳን ይቆይ። የሆነ ነገር ይቆየኝ።» አልተከራከርኳትም። ይኸው እስካሁን «ጯ» ይላል። ሥዕሉም ይኸው በቁመቱ አለ፤ እንግዳ ይገባል፣ «ውይ ቀዩ!» ይላል፣ ጣሪያው ከፍ ይላል። ከታች ያቺ እጅ የምታህል ደመና ብቻ ቀርታለች። ለምን እንዳልላጥናት የሚጠይቀኝ ሰው አለ። ፀሐይ የጋገረቻት ነች እለዋለሁ፣ አጉል ስለቆየች ነው።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ፣ ዕጣ የማውጣቱን ሥራ ይዛችሁ «በቅርቡ ይወጣል» ወደምትሉት ሹሞች። እኔ የስንቶቻችሁን ግድግዳ በስቻለሁ፣ ስም አልጠራም። ቲቪያችሁን ሰቅያለሁ፣ መስመር መስመር ሥዕላችሁን በገዛ እጄ ልጬ ሰቅያለሁ፣ «ና ሻይ ጠጣ» ብላችሁኝ ሶፋችሁ ላይ ተቀምጫለሁ። ስነሳ ሶፋችሁ ምንም ድምፅ አላሰማም። እናቴ የምትነሳበት ሶፋ ዝም የሚለው መቼ ነው?